ለአጥር ቀለም 1,460 ዶላር ተቀጣን። ኤች ኦ ኤው (የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር) እንዲህ ማድረግ ይችላል?

ወለላ (ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እዚህ ሁልጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን እንቅልፍ ስላጣሁ ጻፍኩ።

ታውን ሃውሳችንን የገዛነው በ2019 ነው። ባለፈው ዓመት ኃይለኛ ነፋስ መጥቶ የጓሮ አጥራችንን ሁለት ቦታ ጣለው። ባለቤቴ እንጨት ገዝቶ ቅዳሜና እሁድ ቁጭ ብሎ ጠገነው። ሲጨርስ አዲሱና አሮጌው እንጨት ለየቅል ሆኖ ዓይን እንዳይወጋ ብሎ ሁሉንም ጠቆር ያለ ቡናማ ቀባው። አማረ። ጎረቤታችንም መጥታ "ጎበዝ" አለችው።

ከወር በኋላ ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። "ያልተፈቀደ የአጥር ቀለም" ይላል። በ30 ቀን እንድናስተካክል ነው። ባለቤቴ ማኅበሩን የሚያስተዳድርለት ማኔጅመንት ካምፓኒ ጋ ደወለ። ያነሳችው ሴት "የማሻሻያ ፎርም ሞልታችሁ ላኩ፣ ኮሚቴው ያየዋል" አለችው። የዚያኑ ቀን ሞልቶ፣ ፎቶ አያይዞ በኢሜይል ላከ። መልስ አልመጣም። ያለቀ መሰለን። እኔ የሌሊት ሺፍት ነኝ፣ እሱ ኡበር ይነዳል፣ ሁለት ልጆች አሉን። ተከታትለን አልጠየቅንም።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ የፖስታ ሳጥኑን ከፈትኩ። ቢል ነው። በቀን 10 ዶላር፣ 146 ቀን፣ ጠቅላላ 1,460 ዶላር። በ15 ቀን ካልከፈላችሁ ለጠበቃ ይላካል፣ ቤታችሁ ላይ ሊን (የዕዳ መያዣ) ይመዘገባል ይላል። በር ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ስደውል "ሂሪንግ (ቦርዱ ፊት ቀርቦ መሰማት) ተጠርታችሁ አልመጣችሁም፣ ቦርዱ በሌላችሁበት ወሰነ" አሉኝ። መቼ ጠራችሁን? "በኢሜይል።" አድራሻውን ሲያነቡልኝ የባለቤቴ የድሮ መሥሪያ ቤት ኢሜይል ነው። ከዚያ ሥራ ከለቀቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። እንዲህ አድርገው መቅጣት ይችላሉ? ቤታችንን ሊወስዱብን ይችላሉ? ከፍለን እንገላገል?

---

ፒያሳ70 (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ አይዞሽ። አንብቤው በጣም ነው የተናደድኩት። በላባችን የገዛነው ቤት ውስጥ እንደ ተከራይ ነው የሚያዩን። እኔ ብሆን አንዲት ሳንቲም አልከፍልም። ወርሃዊውንም ክፍያ አቁሚባቸው። ገንዘቡ ሲቀርባቸው ራሳቸው ይደውሉልሻል።

---

ያገር ልጅ (ፌርፋክስ)

ፒያሳ፣ ንዴትህ ይገባኛል። የመጨረሻዋን ምክር ግን ወለላ እንዳትሰማት እለምናለሁ። ወርሃዊ ክፍያ አይቆምም። ቅጣት ሌላ፣ መዋጮ ሌላ። መዋጮውን ያቆመ ሰው ሙግቱን የጀመረው ተሸንፎ ነው። ምንም ያህል እውነት ይዘሽ ብትቀርቢ "መጀመሪያ ዕዳሽን ክፈዪ" ይሉሻል። ወለላ፣ ወርሃዊውን በሰዓቱ ክፈዪ፣ የከፈልሽበትንም ማስረጃ ያዢ።

ጠበቃ አይደለሁም። ሪል እስቴት ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ነገር ግን የተማርኩት ከሥራዬ ሳይሆን ከራሴ ቤት ነው። በ2013 እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ መጥቶልኝ ኪችን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በኋላ ቤቱን ሪፋይናንስ ላደርግ (ብድሩን በአዲስ ብድር ልተካ) ስል ባንኩ "ሊን አለብህ" አለኝ። 300 ዶላር የነበረው ነገር የጠበቃቸው ወጪ ተጨምሮበት ከ2,000 በላይ ሆኖ ጠበቀኝ። ያን ቀን ነው ሕጉን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት።

የቨርጂኒያው ሕግ የንብረት ባለቤቶች ማኅበራት ሕግ ይባላል። ቅጣትን የሚመለከተው አንቀጽ 55.1-1819 ነው። ኮንዶ የሆነ ሰው የሚመለከተው 55.1-1959 ነው፤ ይዘቱ ተቀራራቢ ነው። አንቺን የሚጠቅምሽን በራሴ አባባል ልንገርሽ።

ቦርዱ መቅጣት የሚችለው ዲክላሬሽኑ (የማኅበሩ የተመዘገበ ዋና ሰነድ) ወይም በአግባቡ የጸደቀው ደንብ ይህን ሥልጣን በግልጽ ከሰጠው ብቻ ነው። "ሁሉም ኤች ኦ ኤ ይቀጣል" የሚባለው ልክ አይደለም። በ2008 እዚሁ ፌርፋክስ ካውንቲ አንድ ባልና ሚስት ግቢያቸው የተከሉት የምርጫ ምልክት ከተፈቀደው ቁመት 4 ኢንች በለጠ ተብለው ተቀጡ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ማኅበሩ የመቅጣት ሥልጣን የለውም አለ። ማኅበሩ ለጠበቃ ባወጣው ወጪ ኪሳራ ውስጥ ገባ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ "ይህን ሥልጣን የሚሰጣችሁ የቱ ገጽ ነው?" ይሁን።

ሁለተኛ፣ ከመቅጣታቸው በፊት በጽሑፍ አስታውቀው ለማስተካከል በቂ ጊዜ መስጠት አለባቸው። ይቺን አድርገዋል፣ ደብዳቤው ደርሷችኋል።

ሦስተኛው ላይ ነው ነገሩ። ካልተስተካከለ ቦርዱ ፊት ቀርበሽ የመሰማት መብት አለሽ፣ ጠበቃም ይዘሽ መቅረብ ትችያለሽ። የሂሪንጉ ጥሪ በእጅ ወይም በሬጅስተርድ ወይም በሰርቲፋይድ ሜይል፣ የመቀበያ ፊርማ ያለበት ሆኖ፣ መዝገብ ላይ ባለው አድራሻሽ ከሂሪንጉ 14 ቀን ቀደም ብሎ መላክ አለበት። ምን ዓይነት እርምጃ ሊወሰድ እንደሚችልም መጻፍ አለበት። ከሂሪንጉ በኋላም ውሳኔው በ7 ቀን ውስጥ በዚያው መንገድ ይላካል። በፖስታ ቤት በኩል ፈርመሽ የተቀበልሽው ነገር አለ?

አሁን ደግሞ ቢሉን አውጥተሽ እንደገና ተመልከቺው። 146 ቀን ነው ያልሽው? የሚቀጥል ጥፋት ከሆነ ሕጉ የሚፈቅደው በቀን ቢበዛ 10 ዶላር ሆኖ ከ90 ቀን አይበልጥም። 90 ሲባዛ በ10፣ 900 ነው። የአንድ ጊዜ ጥፋት ከሆነ ደግሞ 50 ዶላር ብቻ። ሂሪንጉ በትክክል ተደርጎ ቢሆን እንኳ 560ው ዶላር ከሕግ ውጭ ነው። ማሽን ያወጣውን ቁጥር ማንም ሳያየው ነው የላኩልሽ።

---

ወለላ

ወይ ጌታዬ! 90 ቀን የሚባል ነገር እንዳለ እኔ ከየት አውቄ! የፈረምነው ምንም የለም። የመጀመሪያው ደብዳቤ ተራ ፖስታ ነበር። ሌላው ሁሉ በዚያ በሞተ ኢሜይል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ባለቤቴ ፎርሙን የላከው ከአዲሱ ኢሜይሉ ነው። ስልኩ ላይ አገኘነው። "ደርሶናል" የሚል የማሽን መልስም መጥቶለት ነበር። ታዲያ አዲሱን ኢሜይል አያውቁትም ማለት ነው?

---

የቦርዱ ሰው (አሌክሳንድሪያ)

ወለላ፣ ያንን መልስ አሁኑኑ ስክሪን ሾት አንሺና ለሁለታችሁም ስልክ ላኪው። ለአንቺ ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የለም።

እኔ በሰፈራችን ማኅበር ቦርድ ላይ አምስት ዓመት አገልግያለሁ። ያለ ደመወዝ ነው። ከውስጥ ሲታይ ነገሩ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ማኔጅመንት ካምፓኒው በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መኪና ውስጥ ሆኖ እየዞረ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ዝርዝር ይልክልናል። ስብሰባ ላይ 30 እና 40 ቤት በ20 ደቂቃ ይታለፋል። ባለቤቱ ካልመጣ "አልቀረበም" ተብሎ ይጻፍና ቀጣዩ ቤት ይጠራል። ፎርም ልኮ እንደሆነ፣ ጥሪው ደርሶት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት ባልቴት በዚህ መንገድ ሲቀጡ እጄን አውጥቼ ድምፅ ሰጥቻለሁ። በኋላ ሴትዮዋ በዊልቸር እየተገፉ መጥተው "ልጄ፣ ማንም አልነገረኝም እኮ" ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰርቲፋይድ ደረሰኙን ሳላይ ድምፅ አልሰጥም።

ይህን የምጽፈው ቦርዱን ለመከላከል አይደለም። አብዛኛው ስህተት ከክፋት ሳይሆን ከግዴለሽነት እንደሚመጣ ካወቅሽ ሙግቱ ይቀልሻል። ሳትጮሂ፣ ወረቀት ይዘሽ ግቢ።

ስለ ኢሜይሉ አንድ ነገር ተዘጋጅተሽበት ሂጂ። ሕጉ ላይ ማኅበራት ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ሌላ አንቀጽ አለ፣ 55.1-1832። እሱን ሊጠቅሱብሽ ይችላሉ። መልስሽ ይህ ይሁን፦ "አዲሱን ኢሜይል እያወቃችሁ ለምን በድሮው ላካችሁ? የቤታችንን አድራሻስ ለምን አልተጠቀማችሁም?" ክርክርሽን በአንድ እግር ብቻ አታቁሚው።

ዲክላሬሽኑንም አንብቢ። በተለይ ስለ አርክቴክቸራል ኮሚቴው የሚለውን። ብዙ ማኅበራት ጋ "ኮሚቴው ማመልከቻ በደረሰው በዚህን ያህል ቀን ካልመለሰ እንደተፈቀደ ይቆጠራል" የሚል አለ። የእናንተ ላይ ካለ ታሪኩ ሌላ ነው።

---

ወለላ

ዲክላሬሽን የሚባለው ቤቱን ስንገዛ የሰጡን ያ ወፍራም ወረቀት ነው? የት እንዳደረግነው እግዜር ይወቀው።

---

ያገር ልጅ

አዎ፣ ክሎዚንግ (የግዢው መፈራረሚያ) ሳይደረግ በፊት የተሰጣችሁ ጥራዝ ውስጥ ነው። ከጠፋ አታስቢ። ዲክላሬሽን የተመዘገበ ሰነድ ስለሆነ ካውንቲው ፍርድ ቤት (ሰርኪዩት ኮርት) ጋ የመሬት መዝገብ ክፍል ይገኛል።

ከማኅበሩ ራሱም በጽሑፍ ጠይቂ። አባል ስለሆንሽ መዝገብ የማየት መብት አለሽ፣ አንቀጽ 55.1-1815። የምትፈልጊውን ነገር ለይተሽ፣ ለምን እንደፈለግሽው ጽፈሽ ትጠይቂያለሽ። ማኔጅመንት ካምፓኒ ያለው ማኅበር ከሆነ 5 የሥራ ቀን፣ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር ከሆነ 10 የሥራ ቀን ነው። እኔ ብሆን የምጠይቀው፦ ሂሪንጉ የተካሄደበትን ቃለ ጉባኤ፣ የጥሪውን ደብዳቤ ከነመላኪያ ደረሰኙ፣ የማሻሻያ ፎርማችሁ ላይ ኮሚቴው የጻፈውን፣ ቅጣት የሚፈቅደውን ደንብና የጸደቀበትን ቀን። የኮፒ ሊያስከፍሉሽ ይችላሉ። ክፈዪ።

ዛሬ ማታ ደግሞ አንድ አጭር ደብዳቤ ጻፊ። ቅጣቱን እንደምትቃወሚ፣ ሕጉ የሚጠይቀው ጥሪ እንዳልደረሰሽ፣ አዲስ ሂሪንግ እንደምትፈልጊ፣ እስከዚያ ለጠበቃ እንዳይላክ። አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ስድብ፣ ምሬት፣ የሕይወት ታሪክ አያስፈልግም። ፖስታ ቤት ሄደሽ በሰርቲፋይድ ላኪው፣ አረንጓዴዋን የመቀበያ ካርድም ጠይቂ። እነሱ ያላደረጉትን አንቺ አድርጊው።

---

ፒያሳ70

መዋጮ አቁሚ ያልኩትን አንሻለሁ። ያገር ልጅ፣ ሊን ያልከውን ሳነብ ደነገጥኩ። እውነት ለቅጣት ብለው ቤት ይሸጣሉ?

---

ያገር ልጅ

ቨርጂኒያ ውስጥ በአግባቡ የተጣለ ቅጣት ለሊን ጉዳይ እንደ መዋጮ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ "ቅጣት ብቻ ነው፣ ምን ያመጣል" ማለት አይቻልም። ቤት ሻጭ ወይም ሪፋይናንስ አድራጊ ስትሆን ፊትህ ይቆማል። ክስ ከተጀመረ ደግሞ የተሸነፈው ወገን የአሸናፊውን የጠበቃ ወጪ ይከፍላል፣ 55.1-1828። ይህ በሁለቱም በኩል የሚቆርጥ ነገር ነው። እኛም ማሰብ አለብን፣ እነሱም።

አንድ ጥሩ ነገር አለ። ጉዳዩ ጄነራል ዲስትሪክት ወይም ሰርኪዩት ኮርት ከገባ፣ ማኅበሩም ይክሰስ ባለቤቱ፣ ክሱ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ቅጣቱ መቁጠር ያቆማል።

---

አውሮራ (ኮሎራዶ)

ከዚህ ሆኜ ሳነብ የቨርጂኒያ ሰዎች አሳዘናችሁኝ፣ ምክንያቱም እዚህ ሕጉ ተሻሽሏል። በ2022 ነው። ዴንቨር ግሪን ቫሊ ራንች አካባቢ ማኅበሩ በደርዘን የሚቆጠሩ ቤቶች ላይ የፎርክሎዠር (ቤትን በዕዳ የማሸጥ) ክስ መክፈቱ ከታወቀ በኋላ ብዙ ጩኸት ተነሳ። የእኛም ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ያኔ የወጣው ሕግ ለአንድ ጥፋት የሚጣለውን ጠቅላላ ቅጣት 500 ዶላር ላይ ገደበው። የጤናና የደህንነት አደጋ ካልሆነ በቀር ለማስተካከል ሁለት ጊዜ 30 ቀን ይሰጣል። በቅጣት ብቻ ፎርክሎዝ ማድረግ ተከልክሏል። ዕዳ ላለበት ሰው ደግሞ 18 ወር የሚዘልቅ የክፍያ ስምምነት ማቅረብ አለባቸው።

እኔን በጣም ደስ ያለኝ ሌላ ነው። ባለቤቱ የሚመርጠውን ቋንቋ ካሳወቀ ማስታወቂያው ከእንግሊዝኛው ሌላ በዚያም ቋንቋ እንዲላክ ሕጉ ያዛል። ለአባቴ ቤት "አማርኛ" ብዬ በጽሑፍ አስመዘገብኩለት። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ አባቴ መነጽሩን አድርጎ ቁጭ ብሎ ራሱ አነበበው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከዚያ ማኅበር የመጣ ወረቀት ሰው ሳይለምን ሲያነብ ያየሁት ያን ቀን ነው። አውሮራና ዴንቨር ያላችሁ፣ ለወላጆቻችሁ ይህን አድርጉላቸው። ሳታሳውቁ በራሳቸው አይልኩም።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሜሪላንድ ላላችሁ፦ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የጋራ ባለቤትነት ማኅበረሰቦች ኮሚሽን የሚባል አለው። ከቦርዱ ጋር መጀመሪያ በማኅበሩ መንገድ ተነጋግራችሁ ካልተሳካ እዚያ ማመልከት ይቻላል። አስታራቂ ይሰጣሉ፣ ካልሆነም ፓነል ሰምቶ ይወስናል። እኔ በእርቁ ነው የጨረስኩት። ጠበቃ አልያዝኩም።

---

ምስራቅ (ማናሳስ)

ይቅርታ፣ ክሩን ላቋርጥ አይደለም፣ ግን የእኔም ቅጣት ነው። ለእናቴ የአገር ቤት ቻናል እንድታይ ብለን የታውን ሃውሳችን ጣሪያ ላይ ትንሽ ዲሽ ሰቀልን። 50 ዶላር ቅጣት መጣ። "ያለ ፈቃድ የተሰቀለ" ይላል። እናቴ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። ያ ቲቪ ከሌለ ቤቱ ይጨልምባታል። ላውርደው?

---

የቦርዱ ሰው

አታውርጂው። ይህ የማኅበሩ ወይም የቨርጂኒያ ጉዳይ አይደለም፣ የፌዴራል ነው። የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ፣ ኤፍ ሲ ሲ፣ ከ1996 ጀምሮ ያለ ደንብ አለው። የዲሹ ወርድ አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነና አንቺ ብቻ በምትጠቀሚበት ቦታ ላይ ከተተከለ ማኅበሩ ሊከለክልሽ አይችልም። የሚያዘገይ፣ ወጪ የሚያበዛ ወይም ሥዕሉን የሚያበላሽ ገደብም ማስቀመጥ አይችልም። ከደህንነት ወይም ከታሪካዊ ቅርስ ጋር ካልተያያዘ በቀር ቀድመሽ ፈቃድ ጠይቂ ማለትም አይፈቀድለትም።

አንድ ነገር ግን አጣሪ። ጣሪያው የማን ነው? በብዙ ታውን ሃውስ ጣሪያው የባለቤቱ ነው። ኮንዶ ከሆነ ግን የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ደንቡ አይሸፍንሽም። በረንዳሽ ወይም ፓቲዮሽ ላይ ብታዞሪው ይሻላል።

---

ምስራቅ

ታውን ሃውስ ነው፣ ጣሪያውን ያሳደስነው በራሳችን ገንዘብ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ለእናቴ ነገርኳት፣ መረቀችህ።

---

እትዬ (ስፕሪንግፊልድ)

ልጆች፣ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። የባለቤቴ ለቅሶ ጊዜ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ሲመላለስ መኪናው የጎረቤቱን ቦታ ሁሉ ያዘ። በአምስተኛው ቀን ገና ፍራሽ ላይ ተቀምጬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ። ልጄ ደብቃኝ ኖሮ ከአርባው በኋላ ነው ያየሁት። እንግዳ ያጠፋውን እኔ ልጠየቅ?

---

ያገር ልጅ

እትዬ፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሕጉ ቤተሰብ፣ ተከራይ ወይም እንግዳ ላጠፋው ባለቤቱን እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ግን እርሶም ሳይሰሙ አይቀጡም፣ ሥርዓቱ ያው ነው። ማስጠንቀቂያ ብቻ ከሆነ ምን እንደነበረ አስረድተው አጭር ደብዳቤ ይጻፉላቸውና ፋይሉ ውስጥ ይግባ።

ለሌሎቻችሁ፦ ለቅሶ፣ ክርስትና፣ መልስ ሲኖር ከቤተሰቡ አንድ ሰው ለማኔጅመንቱ ቀድሞ ኢሜይል ይጻፍ። "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እንግዳ ይበዛብናል፣ የት እናቁም?" በሉ። ብዙ ጊዜ ቦታ ያሳያሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የእሳት አደጋ መኪና መስመር ላይ ግን ማንም እንዳያቆም።

---

ፒያሳ70

አንድ ጥያቄ ይዞኛል። የእኛን ሰው ብቻ እየለዩ ቢቀጡስ? የእኛ መንገድ ላይ ተመሳሳይ አጥር ያላቸው ሌሎች አሉ፣ ማንም አልነካቸውም።

---

የቦርዱ ሰው

ያኔ ፎቶ ነው የሚያወራው። ቀን ያለበት ፎቶ፣ የቤት ቁጥር የሚታይበት። ሂሪንግ ላይ "እነዚህስ?" ብለህ ታቀርባለህ። ደንብ ለአንዱ ተፈጻሚ፣ ለሌላው ዝም ከተባለ ያ ራሱ መከራከሪያ ነው። ጎረቤትህን ለማስቀጣት ሳይሆን ለማወዳደር መሆኑን ግን በግልጽ ተናገር። ነገ አብረህ የምትኖረው ከእሱ ጋር ነው።

ምክንያቱ ዘር፣ ሃይማኖት ወይም የመጣህበት አገር ነው የሚያሰኝ ነገር ካለ ደግሞ ፌዴራሉ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ አለ። ለቤቶች ሚኒስቴሩ፣ ለኸድ፣ ድርጊቱ በተፈጸመ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት ይቻላል። ይህን ክስ ማስረጃ ሲኖር እንጂ በንዴት አታንሳው።

---

ወለላ

የተባልኩትን ሁሉ አድርጌያለሁ። ደብዳቤውን ባለቤቴ ጻፈው፣ እኔ አሳጠርኩት። አራት ዓረፍተ ነገር። አረንጓዴዋ ካርድ ተፈርማ ተመልሳ መጣች።

ዲክላሬሽኑን የልጄ የድሮ መጫወቻ ሳጥን ውስጥ አገኘነው! ገጽ በገጽ አነበብነው። ስለ ኮሚቴው የሚለው ክፍል ላይ "በ45 ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠ ማመልከቻው እንደጸደቀ ይቆጠራል" ይላል። ባለቤቴ ሌሊት ቀስቅሶኝ ነው ያሳየኝ። ፎርሙን ከላክን ከአምስት ወር በላይ ሆኖናል።

መዝገቡንም ላኩልን። ስድስት የሥራ ቀን ፈጅቶባቸዋል። የሰርቲፋይድ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። አዲስ ሂሪንግ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰጥተውናል። ጥሪው በዚህ ጊዜ በሰርቲፋይድ ነው የመጣው። በጣም ፈርቻለሁ። እንግሊዝኛዬ ሲደነግጥ ይጠፋብኛል።

---

የቦርዱ ሰው

ወረቀት ላይ ጽፈሽ አንብቢው። ማንም አይስቅብሽም። የሚተረጉምልሽ ሰው ይዘሽ መሄድ እንደምትፈልጊ አሁኑኑ በኢሜይል ንገሪያቸው። ለእያንዳንዱ የቦርድ አባል አንድ አንድ ኮፒ አዘጋጂ፦ ፎርሙን የላካችሁበት ኢሜይል፣ "ደርሶናል" የሚለው መልስ፣ የ45 ቀኑ ገጽ ከተሰመረበት ጋር፣ ቢሉ፣ የአጥሩ ፎቶ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ ቀኖቹ ይሁኑ። ስለ ቀለሙ ውበት አትከራከሪ።

---

ያገር ልጅ

እዚያ ካልተሳካም መንገድ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ እያንዳንዱ ማኅበር የጽሑፍ የቅሬታ ሥርዓት እንዲኖረው ይገደዳል። ቅሬታሽን በዚያ ሥርዓት ታቀርቢያለሽ። የመጨረሻ ውሳኔያቸው ካላረካሽ በ30 ቀን ውስጥ ለግዛቱ እምባ ጠባቂ ቢሮ መላክ ትችያለሽ። ማመልከቻው 25 ዶላር ነው፣ ለማይችል ሰው ሊያነሱለት ይችላሉ። ቢሮው ከ2008 ጀምሮ አለ። የሚያየው የግዛቱን ሕግ ጥሰዋል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። "የማኅበሩ ደንብ ከባድ ነው" የሚል ቅሬታ አይቀበሉም። ውሳኔያቸውም አስገዳጅ አይደለም። ቢሆንም ማኔጅመንቶች ከዚያ ቢሮ ደብዳቤ ሲመጣ ያነባሉ። የ14 ቀኑና የ90 ቀኑ ነገር በትክክል የእነሱ ጉዳይ ነው።

---

ወለላ

ትናንት ማታ ነበር። የስፖርት ማዕከሉ ክፍል ውስጥ፣ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ አምስት ሰዎች። የእህቴ ልጅ አብራኝ መጣች፣ ግን እኔው ነኝ ያነበብኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ነው ያነበብኩት። ቀኖቹን ስጨርስ አንዱ ሽማግሌ የ45 ቀኑን ገጽ አነሱና ወደ ማኔጅመንቱ ሴት ዞረው "ይህ ደርሷችሁ ነበር?" አሉ። ሴትየዋ ላፕቶፗን ፈለገች፣ ፈለገች፣ "አዎ" አለች። ክፍሉ ዝም አለ።

አስወጥተውን ተነጋገሩ። 15 ደቂቃ ይሆናል። ስንመለስ 1,460ው ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል አሉን። የመዘግየት 25 ዶላሩም ተነስቷል። አንድ ነገር ለመኑን፣ ወደ መንገድ የሚያየውን በር ብቻ ከሌሎቹ ቤቶች ጋር እንዲመሳሰል በፈቃደኝነት ቀለል ባለው ቀለም እንድንቀባው። ግዴታ እንዳልሆነ ራሳቸው ተናገሩ። ባለቤቴ እሺ አለ። እኔ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ግድ የለኝም።

ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። በሰባት ቀን ውስጥ በሰርቲፋይድ ይላካል ብለዋል። አዲሱን ኢሜይልም እዚያው ፊቴ አስመዝግበውታል።

---

ያገር ልጅ

እልል! ወለላ፣ ወረቀቱ ሲመጣ ሂሳባችሁ ላይ ዜሮ መሆኑን በፖርታሉ ገብተሽ አረጋግጪ። ሲስተሙ ውስጥ ሳይነሳ ቀርቶ ከስድስት ወር በኋላ የጠበቃ ደብዳቤ የመጣለት ሰው አውቃለሁ።

---

ወለላ

ገባሁ። እስካሁን 1,460 ይላል። ሰኞ ጠዋት ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ።

---

ወለላ

ደወልኩ። ዜሮ ሆኗል። ስክሪን ሾት አንስቻለሁ።